አንድ ክንድ የቀረው ሰው

በየከተማው ተሸንፎ የማያውቅ አንድ ሰው አለ። አሸንፎም አያውቅም፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው ይላችኋል።

ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፈተና የወደቀው እርሳሱ ስለተሰበረ ነው። የወደዳት ልጅ ሌላ ያገባችው ሽማግሌ የላከ ዕለት ዝናብ ስለጣለ ነው። ኳሱን የሳተው የግቡ ቋሚ ጠማማ ስለነበረ ነው። ይህ ሰው ውሸታም እንዳይመስላችሁ። ፈጣሪ ለሰው ሁሉ ድርሻ ድርሻውን ሲሰጥ የእሱ አንድ ክንድ አጥሮበት ነው፤ ያቺን ክንድ ማን እንደወሰደበት ሲመረምር ዕድሜው ያልቃል።

የእኛ የጋምቤላው አኳይ ይባላል። ረዥም፣ ቀጭን፣ የአራት ልጆች አባት፣ በሙያው ባጃጅ ነጂ ነው። ሙሉ ማዕረጉን ልጥራና፦ የተከበሩ አኳይ፣ የጋምቤላ ከተማና አካባቢዋ የባጃጅ እሽቅድምድም የዘለዓለም ሁለተኛ። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱ እስከ ዛሬ አልተቀበለውም።

«ሁለተኛ አይደለሁም» ይላል። «አንደኛ ነኝ፤ ትንሽ የዘገየሁ።»

እሽቅድምድሙን ለማታውቁት ላስረዳ። ክረምቱ አልፎ ባሮ ሲጎድል፣ ድሮ መርከብ ዕቃ ያራግፍበት ከነበረው ዳርቻ ወረድ ብሎ ሰፊ ደረቅ ሜዳ ይወጣል። በበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስምንት ባጃጆች እዚያ ይሰለፋሉ። ሁለት በርሜል ይተከላል፤ በርሜሎቹን ስድስት ጊዜ መዞር ነው። ስምንቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ ሞተራቸው አንድ፣ ጎማቸው አንድ፣ ሰማያዊ ቀለማቸው እንኳ አንድ። ሞተር ፈትቶ መነካካት ክልክል ነው። ገንዘብ ያለው ሰው የተሻለ ገዝቶ እንዳይቀድም፣ የሚገዛ የተሻለ ባጃጅ የለም። ስለዚህ ከፊት ያሉት ሁለቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ ጎን ለጎን ተጣብቀው ነው የሚሄዱት፤ ልዩነታቸው ቢበዛ ክንድ፣ ሲያንስ ስንዝር ነው። ዳኛው የፌርማታው ተራ አስከባሪ ነው። ኖራ የተሰመረበት ቦታ በሆዱ ተኝቶ ያያል፤ ሲነሣ አገጩ ነጭ ነው።

አሸናፊው ሳምንቱን ሙሉ በተራው አንደኛ ይቆማል። የቀሩት ዕጣ ያወጣሉ፤ ሁለተኛ መውጣት ምንም አያስገኝም። አኳይ ይህን ሕግ እንደ ግል ስድብ ነው የሚቆጥረው።

ሁሉም ነገር እኩል የሆነላቸው ሰዎች የሚጣሉበት አያጡም፤ በክብደት ተጣሉ። መጀመሪያ ነጂዎቹ ብቻቸውን ይሮጡ ነበር፤ ቀጫጮቹ እየቀደሙ አስቸገሩ። ማካካሻ ይሁን ተብሎ አሸዋ የሞላ ጆንያ ተጫነ። በሁለተኛው ሳምንት የአንዱ ጆንያ ሥሩ ተቀዶ ተገኘ፤ ለካስ አሸዋው ሜዳው ላይ እየፈሰሰ ባጃጁ በየዙሩ እየፈጠነ ነው። ጉድ ፈላ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ዳኛው ፍርድ ሰጠ፤ «ሰው ይጫን። ሰው አይፈስም።»

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ነጂ ከኋላው አንድ ሰው ይጭናል። የሁለቱ ክብደት ተደምሮ ከመቶ አርባ አምስት ኪሎ ማነስ የለበትም፤ ከበለጠ ችግሩ የራሱ ነው። በኅዳር መጀመሪያ ሁሉም ወይዘሮ ትንሣኤ እህል መደብር ሄደው ኩንታል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ይጻፋል፤ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ማንም ዳግም አይመዝንም። ሰው አይፈስም ተብሏላ። ሰው ሊጨምር እንደሚችል ግን አንዳቸውም አላሰቡም።

እዚህ ላይ እኔ እገባለሁ።

በጤና ጣቢያ መድኃኒት የማድል ባለሙያ ነኝ። ስሜ ዘውዱ ነው፤ ጋምቤላ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል አኳይም ዶክተር ይለኛል። ወደዚህ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። አብረውኝ የመጡት ሁሉ ዝውውር ጠይቀው ወደየቤታቸው ተመለሱ። እኔ የምመለስበት ቤት ስላልነበረኝ ቀረሁ። አላገባሁም፤ እናቴ ሞታለች፤ እህቴ ለዓመት በዓል ትደውላለች። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ከሰው ጋር እነጋገራለሁ፤ ንግግሬ ግን «ስም? ዕድሜ? ክብደት?» ከማለት አያልፍም። የወባ መድኃኒት በክብደት ስለሚሰጥ የሌላውን ኪሎ ስጠይቅ የምውል ሰው ነኝ። ሥራ ጨርሼ ቤቴ ስገባ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድምፄን አልሰማውም።

ባለፈው ጥቅምት ወባ እኔኑ ጣለችኝ። ድኜ ከአልጋ በተነሣሁ ሰሞን አኳይ በባጃጁ ወደ ቤት ሲያደርሰኝ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝ።

«ዶክተር፣ ስንት ኪሎ ነህ?»

ስድስት ዓመት ሰው የጠየቅሁትን ጥያቄ እኔን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። እንደማላውቅ ነገርኩት። ያለ ብዙ ወሬ ወደ ወይዘሮ ትንሣኤ መደብር አዞረው። ከበሽታ ተነሥቼ፣ ሱሪዬን በእጄ ይዤ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

«ልክ ሰባ ሁለት» አሉ ወይዘሮ ትንሣኤ። አኳይ ሰባ ሦስት ነው። ሲደመር መቶ አርባ አምስት፤ አንድ ኪሎ ሳይጎድል፣ አንድ ኪሎ ሳይተርፍ።

አቀፈኝ። «እግዚአብሔር ለእኔ ለክቶ ነው የሠራህ!»

እንዲህ ሆኜ ጭነት ሆንኩ። ሥራዬ ቀላል ነው፤ በርሜሉ ጋ ስንደርስ «ዶክተር፣ ግራ!» ሲለኝ ጎማው እንዳይነሣ ወደ ግራ እጋደማለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋትቤል በሚባል ዝምተኛ ነጂ በአንድ ስንዝር ተቀደምን። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በአንድ ክንድ። ሁልጊዜ አንደኛው ጋትቤል፣ ሁልጊዜ ሁለተኛው እኛ።

የክቡርነታቸውን ምክንያቶች ሁሉ ብዘረዝር መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ጥቂቱን ብቻ። «ነፋሱ ነው። ከባሮ የሚመጣው ነፋስ የእኔን ባጃጅ ብቻ ነው የሚመታው።» በሌላው ሳምንት ፍየል ነበረች። ከሜዳው ውጪ መሆኗን ስነግረው፣ «ውጪም ሆና ታየኛለች፤ ሐሳቤን ወሰደችው» አለኝ። አንድ ጊዜ ቤንዚኑ የትናንት ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የባለቤቱ የአጅዋንግ ሆነ። ጠዋት ስትጸልይ «ሹፌሮችን ሁሉ ባርክ» ብላለች።

«ጋትቤልም ሹፌር ነው!» አለ አኳይ በምሬት። «ስም ጥሪ ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ!»

ሽንፈቱን መካድ ባቃተው ጊዜ ደግሞ ልኩን ያሳንሳል። ዳኛው «በክንድ» ሲል፣ «በማን ክንድ? ባንተ አጭር ክንድ ነው የለካኸው፤ በጋትቤል ይለካ!» ይላል። ጋትቤል ረዥም ክንዱን በሁለቱ ባጃጆች ጎማ መካከል ዘርግቶ ያስለካል። «አየህ፣ አልሞላም» ይለኛል አኳይ፤ ያሸነፈ ያህል ፊቱ በርቶ።

ከሜዳው እስከ ቤቴ አሥር ደቂቃ ነው። እኛ አንድ ሰዓት ይፈጅብናል። ሰው በእግሩ እየቀደመን፣ አኳይ ውድድሩን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይተርክልኛል። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ያቆምና ወርዶ በእጁ ያሳየኛል፤ ግራ እጁ እኛ ነን፣ ቀኝ እጁ ጋትቤል። እኔ «እህ» እላለሁ፣ «እውነትህን ነው» እላለሁ፣ አንዳንዴም «ፍየሏን እኔም አይቻታለሁ» እላለሁ። የሳምንቴ ዕድሜ ያቺ አንድ ሰዓት ነበረች። ሌላውን ቀን እሷን ስጠብቅ ነው የማሳልፈው።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። ወባው ሲለቀኝ የምግብ ፍላጎቴ ተከፈተ። ብቻዬን ማብሰል አልወድም፤ ምግብ ቤት ነው የምበላው። አንድ ሳህን የጨረሰ ሰው ከወንበሩ ይነሣል ተብሎ ይጠበቃል፤ እኔ ደግሞ መነሣት አልፈልግም፣ ከፊቴ ያለው ባዶ ቤት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ዓሣ አዛለሁ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሚዛን አለኝና ጠዋት ጠዋት እወጣበታለሁ። ለገና ሰባ አምስት። ለጥምቀት ሰባ ዘጠኝ። በጥር መጨረሻ ሰማንያ አንድ። በዐቢይ ጾም ሁለት ኪሎ ቀነስኩ፤ ፋሲካ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት መለሰልኝ።

ዘጠኝ ኪሎ ትርፍ! ሁሉ ነገሩ እኩል በሆነ ውድድር ዘጠኝ ኪሎ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አኳይ በነፋስና በፍየል ሲያማርር፣ ያቺን ክንዱን የወሰድኩበት እኔ ከኋላው ተቀምጬ «እውነትህን ነው» እላለሁ። ብነግረው ሌላ ሰው ይጭናል። ሌላ ሰው ከጫነ ቅዳሜዬ ያልቃል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም አልኩ።

ዝምታዬን ያፈረሰችው አጅዋንግ ናት። በሚያዝያ፣ ከመጨረሻው ውድድር በፊት ባለው ሐሙስ፣ ለትንሹ ልጇ የትኩሳት መድኃኒት ልትወስድ መስኮቴ ጋ መጣች። የወቅቱ መጨረሻ ውድድር ሽልማቱ የሳምንት ተራ አይደለም፤ ያሸነፈ ክረምቱን ሙሉ አንደኛ ሆኖ ይቆማል።

«ዶክተር፣ ክረምት ላይ ሰው ከቤት አይወጣም» አለችኝ። «ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደውን የሚያገኘው ከፊት የቆመው ነው። አምና አኳይ በዕጣው ስምንተኛ ደርሶት ነበር። እስከ ቀትር ዝናብ ውስጥ ተቀምጦ ባዶውን ይመጣል። ዘንድሮ እንኳ ቢያሸንፍ።» ልጁን አዘለችና ቀጠለች፦ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ። አብረኸው ስለሆንክ ደስ ይለኛል።»

እንዲህ ተብሎ ማን ይተኛል? በማግስቱ የአኳይን የአጎት ልጅ ኦሞድን ፈልጌ አገኘሁት፤ አምና ከኋላ የሚቀመጠው እሱ ነበር። መድኃኒት ቤት አስገብቼ ሚዛኑ ላይ አወጣሁት። ሰባ ሁለት ኪሎ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየመራሁ ሜዳው አደረስኩት፤ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሊጥል ነው።

«አኳይ፣ ዛሬ ኦሞድ ይቀመጥ» አልኩት።

«ለምን? ታመምክ?»

«አልታመምኩም። ወፈርኩ። ሰማንያ አንድ ኪሎ ነኝ። ከገና ጀምሮ አውቄ ደበቅሁህ። የተሸነፍከው በእኔ ነው እንጂ በነፋስ አይደለም።»

ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማውን በእጁ ጫን ጫን አደረገው። ቀና ሲል ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«ዶክተር፣ የእኔ ሥራ ምንድን ነው?»

«ባጃጅ መንዳት።»

«አሥራ አንድ ዓመት። ሰው ከኋላዬ ሲቀመጥ ሳልዞር ክብደቱን አውቃለሁ። አንተ ለገና ሰባ አምስት ነበርክ። ለጥምቀት ሰማንያ ልትሞላ ትንሽ ቀረህ። በጾሙ ቀነስክ፤ እንደገና የታመምክ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከፋሲካ በኋላ ተመለስክ፤ ደስ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

አርባ አራት ዓመት የሆነው፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው በስምንት ባጃጅና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ምን ይላል? «ቅዳሜ ሌላ የምሄድበት የለኝም» አልኩት። ድምፄ እኔኑ አሳዘነኝ።

አኳይ ወደ ኦሞድ አየ፤ ኦሞድ ወደ ባሮ ያያል። «ኦሞድ ጥሩ ልጅ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን አምና ተሸንፈን ስንመለስ፣ እኔ እያወራሁት እንቅልፍ ወሰደው።» ከዚያ ደረቱን ነፋ፦ «ደግሞ አስበው። ዘጠኝ ኪሎ ትርፍ ጭኖ በክንድ ብቻ የሚቀደም ሰው፣ እውነተኛው አንደኛ ማን ነው? ግባ። ዛሬ እንቀድማለን።»

«የአጅዋንግን ክረምት አስብ» አልኩት።

«አሸንፋለሁ አልኩህ እኮ!»

ገባሁ። መግባት አልነበረብኝም፤ ግን ገባሁ።

እንደዚያ ቀን ነድቶ አያውቅም። አምስት ዙር ከጋትቤል ጋር መስታወት ለመስታወት ሄድን፤ እጄን ብዘረጋ የጋትቤልን ትከሻ እነካው ነበር። በመጨረሻው በርሜል «ዶክተር፣ ግራ!» ሲል ግማሽ አካሌ ከባጃጁ ወጣ፤ ጉልበቴ አቧራውን ጠረገው። ስንዞር እኛ ቀድመናል! በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። ከዚያ ቀጥታው መንገድ መጣ። በቀጥታ መንገድ ብልሃት አይሠራም፤ የሚሠራው ሞተርና ኪሎ ነው። የጋትቤል የፊት ጎማ በጎኔ ቀስ እያለ ሲመጣ አየሁት። የምቀል መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

ዳኛው አገጩ በኖራ ነጥቶ ተነሣ። «ጋትቤል! በስንዝር!»

ሕዝቡ ጋትቤልን ተሸክሞ ከጨረሰ በኋላ እንደ ልማዱ ወደ እኛ መጣ፤ የአኳይን ምክንያት ሳይሰማ ቤቱ የሚገባ የለም። «እህ አኳይ፣ የዛሬውስ ምንድን ነው?» ብለው ከበቡት።

በዕድሜው ሁሉ ሲፈልገው የኖረው ምክንያት ከኋላው ተቀምጧል። እውነተኛ ነው፤ በሚዛን የሚረጋገጥ ነው፤ ዘጠኝ ኪሎ ይመዝናል። ጣቱን ወደ እኔ ቢቀስር በቂ ነበር። እኔም ልናገር አፌን ከፈትኩ።

አኳይ ቀደመኝ። «ፀሐይዋ ናት» አለ። «ዓይኔ ውስጥ ገባች።»

ሰማዩ ድቅድቅ ብሏል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የባጃጁን ሸራ መምታት ጀምረዋል። ሰዉ እየተያየ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዝምተኛው ጋትቤል እንኳ ሳቀ። አኳይ በሳቁ መሃል ቀጥ ብሎ ቆሞ ዓይኑን ያሻል። አንጀቴን በላው። ስድስት ወር ሙሉ አገር ምድሩን ሲከስ የሰማሁት ሰው፣ ፍየል ያልማረ፣ የሚስቱን ጸሎት ያልማረ ሰው፣ እኔን አንድ ቀን አልከሰሰም። መሳቂያ መሆንን መረጠ።

በዕጣው ሰባተኛ ደረሰው። ዝናቡ አልቆመም፤ ባሮ ሞልቶ በሳምንቱ ሜዳውን ሸፈነው። ሁለት ቅዳሜ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የምሄድበት እንደሌለኝ እያወቅሁ ለምን እንደለበስኩ አላውቅም። ያየኝ ሰው ባለመኖሩ ደስ አለኝ፤ ያው ያየኝ ሰው ባለመኖሩም ሆድ ባሰኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አጅዋንግ ምሳ ጠራችኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ የሰው ቤት ምሳ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጆቹ ጥግ ላይ ሆነው በስርቆት ያዩኛል። የተጠበሰ ትልቅ ዓሣ ቀረበ። አኳይ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋና እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ጉንጩ ጎድጉዷል። ወባ መሰለኝ።

«አመመህ እንዴ? አትበላም?»

«አይበላም» አለች አጅዋንግ እየተቆጣች። «ከውድድሩ ወዲህ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበላው። ለምን ስለው ‹ለኅዳር› ይለኛል። ዶክተር አይደለህ? ንገረው!»

አኳይ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። አንተ ሰማንያ አንድ፣ እኔ ስልሳ አራት። ልክ መቶ አርባ አምስት። እስከ ኅዳር ስድስት ወር አለ።»

«አንተ ሰው፣ እኔ ነኝ መቀነስ ያለብኝ!»

«አይሆንም። አንተ ስትቀንስ ፊትህ ደስ አይልም። ብላ።»

ቀድሞውንም ሥጋ ከሌለው ገላ ዘጠኝ ኪሎ ከየት እንደሚያወጣ አላውቅም። በባለሙያነቴ ልገሥጸው፣ ጉዳቱን ላስረዳው ነበር የሚገባኝ፤ ደግሞም ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አስረዳሁት። በዚያች ሰዓት ግን ዓሣውን ቆርሼ በላሁ፤ እሱ ምራቁን እየዋጠ ያየኛል። እምቢ ብል ከሁለታችን አንዳችን ያለቅስ ነበር፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም።